የባቡሩ ሰም፣ የበሩ ወርቅ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ነው። በቅርቡ ከአባታችንና ከታናሽ ወንድሜ ጋር «ስኖውፒርሰር» የተሰኘውን ፊልም ቤት ውስጥ አየን። ዓለም በበረዶ ከተሸፈነች በኋላ የተረፉት ሰዎች በማይቆም ባቡር ተሳፍረው፣ ባለጸጎቹ በፊተኞቹ ፉርጎዎች፣ ድኾቹ በጭራው የሚኖሩበት ታሪክ ነው። ወንድሜ «ድኾች ሀብታሞችን ሲያሸንፉ የሚያሳይ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም» አለ። «ካሸነፉማ ባቡሩ መጨረሻ ላይ ለምን ተገለበጠ?» ብዬ ስጠይቀው መልስ አጣ። አባታችን ደግሞ ዝም ብለው ቆይተው «ይኼ የጭሰኛና የባላባት፣ የስልሳ ስድስቱ ነገር ነው» አሉን። ከሦስታችን የተሳሳተው ማን ነው? የውጭ አገር ፊልምን በራስ ታሪክ መተርጎምስ ተገቢ ነውን?

መልስ፦ ፈጽሞ የተሳሳተ የለም። ዳሩ ግን ወንድምዎ ሰሙን ይዞ ቀርቷል፣ አባትዎ በቀጥታ ወደ ወርቁ ዘልቀዋል፣ እርስዎ ደግሞ ሳያስቡት ኅብረ ቃሉን ነክተዋል። በቅኔ ቋንቋ የምመልስልዎ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቅኔ ትምህርት ቤቷ ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ የቅኔ ቤቶች ጋር ስሟ በሚነሣበት በወሎ ምድር ለተወለደ ሰው፣ ምሳሌያዊ ፊልም የሚፈታበት መሣሪያ ከደጁ አለ። ቅኔ የሚፈታ ተማሪ በሰሙ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ነገር በወርቁ ውስጥ አቻ ሲፈልግ አይውልም፤ ሁለቱን ትርጉም ባንድነት የተሸከመውን ቃል፣ ማለትም ኅብረ ቃሉን፣ ያገኝና ከዚያ ይነሣል። ብዙ የፊልም ተመልካቾች ግን «ባቡሩ ዓለም ነው፣ ሞተሩ ገንዘብ ነው፣ የባቡሩ ጌታ አምላክ ነው» እያሉ ይቆጥራሉ። ይህ ቆጠራ እንጂ ፍቺ አይባልም፤ ቆጥረው ሲጨርሱም እርስዎ የጠየቁት የባቡሩ መገልበጥ ሳይፈታ ይቀራል።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢያን ጥቂት ልበል። ደቡብ ኮሪያዊው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ይህ ሥራ መነሻው በ1982 መታተም የጀመረ የፈረንሳይኛ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ነው። የምድርን ሙቀት ለማብረድ ወደ ሰማይ የተረጨ ኬሚካል ከልክ አልፎ ዓለምን ያቀዘቅዛታል፤ የተረፉትም ምድርን በዓመት አንድ ጊዜ በሚዞር ባቡር ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ይኖራሉ። ከርቲስ የተባለ የጭራ ነዋሪ አመፅ መርቶ፣ ፉርጎ በፉርጎ እየሰበረ ወደ ሞተሩ ይገሠግሣል።

ፍቺውን ከጫማው ትዕይንት ብንጀምር ይቀናል። ከፊት የመጣች አንዲት ሴት የጭራውን ሕፃናት በሜትር እየለካች ሁለቱን መርጣ ትወስዳለች። ልጁን የተነጠቀው አንዱ አባት ጫማውን አውልቆ ይወረውርባታል፤ ለቅጣቱም ክንዱ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭው ብርድ ወጥቶ በረዶ እስኪሆን እየተጠበቀ፣ ሚኒስትር ሜሰን ያንኑ ጫማ በራሱ ላይ አስቀምጣ ትሰብካለች። የስብከቷ ፍሬ ነገር፣ ጫማ የእግር፣ ባርኔጣ የራስ ስለሆነ ሁሉም በተመደበለት ቦታ ይኑር የሚል ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዘዴ ወዲያው ይለየዋል። ንጉሡን ከሰማይ ጎን የሚያቆመው ተረትም፣ ሚኒስትሯን ከባርኔጣ ጎን የሚያቆመው ስብከትም ሰው ያወጣውን ደንብ ተፈጥሮ ያወጣችው ያስመስላሉ። ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1927 ለሕዝብ ባቀረበው «ሜትሮፖሊስ» ውስጥም ከመሬት በታች የሚለፉት ሠራተኞች እጅ፣ ከላይ ያሉት ጌቶች ራስ ተብለው፣ ልብ ሲያስታርቃቸው ፊልሙ ያበቃል። እኔ ያን እርቅ አምኜው አላውቅም። ቦንግም ያመነው አይመስለኝም፤ ጫማን በሰው ራስ ላይ አስቀምጦ የአካሉን ምሳሌ መሳቂያ አድርጎታልና።

የጭራ ነዋሪዎቹ የሚበሉት ጥቁር ርጉ ምግብ ከነፍሳት የተሠራ መሆኑ ብዙ ይወራለታል፤ ለፍቺው ግን ያን ያህል ስለማይረዳ አልፈዋለሁ።

ወርቁ መታየት የሚጀምረው ከርቲስ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ ነው። የባቡሩ ጌታ ዊልፎርድ ሥጋ እየጠበሰ ይቀበለውና፣ የጭራው ሽማግሌ ጊሊያም የምስጢር ባልንጀራው እንደ ነበረ፣ አመፁም የተሳፋሪውን ቁጥር ለመቀነስ ሁለቱ አስቀድመው የመከሩበት እንደ ሆነ ይነግረዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ውጊያ መካከል ሚኒስትሯ ከአመፀኞቹ 74 በመቶው እንደሚሞቱ መናገሯ ትዝ የሚለን ያኔ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር አስልቶ ካልሆነ በቀር ከአፍ አይወጣም። ዊልፎርድ ይህን ከገለጠ በኋላ ሞተሩን ለከርቲስ ያወርሰዋል፤ ከርቲስም ሊቀበል ጥቂት ሲቀረው፣ ዮና የተባለችው ልጅ የወለሉን ክዳን ታነሣለች። ከሥሩ በሜትር ከተለኩት ሕፃናት አንዱ አጎንብሶ ተቀምጧል፤ የሞተሩ አንድ ዕቃ አልቆ መተኪያ ስለታጣለት፣ ጠባቡን ቦታ የሚሞላው የሕፃን ገላ ሆኗል። ያ የልብስ ሰፊ የሚመስል ሜትር ለምን እንደ መጣ የምንረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የወንድምዎ ፍቺ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። አመፁ ራሱ የባቡሩ ሥራ አካል ከነበረ፣ ከጭራ ተነሥቶ ፊት መድረስ ድል ሊባል አይችልም። ከደሴ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ጋቢና የገባ ሰው ምቾቱ ተሻሽሎለት ይሆናል እንጂ መንገዱን አልቀየረም። ፊልሙ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለው፤ እርሱም የባቡሩን የደኅንነት መዝጊያዎች የሠራው ናምጉንግ ሚንሱ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ፊተኛው በር ሲያይ፣ እርሱ ለዓመታት ተዘግቶ በመኖሩ ሰው ሁሉ ግድግዳ ያደረገውን የጎኑን በር ያሳያል። በዓመት አንድ ጊዜ በመስኮት የሚታየው የወደቀ አውሮፕላን ከበረዶው ውስጥ በየዓመቱ ጥቂት እየተገለጠ መምጣቱን ልብ ስላለ፣ ውጭው እየሞቀ መሆኑን ተገንዝቧል። ስለዚህ ኅብረ ቃሉ «በር» ነው፤ በሰሙ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ የሚያሳልፍ፣ በወርቁ ከሥርዓቱ የሚያወጣ። በሩ በፈንጂ ሲከፈት የበረዶ ናዳ ይወርዳል፣ ባቡሩም ይገለበጣል። እርስዎን ያስጨነቀዎ መጨረሻ እንግዲህ የታሪኩ ዋና ነገር ነበር ማለት ነው።

ወደ አባትዎ ነገር ልመለስ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾት ነበር። ደርግም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የረሃቡን ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ከሚያሳይ ምስል ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ጭራውንና የፊተኛውን ፉርጎ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ቅንብር በአገራችን የቱን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ጭሰኝነትን ሽሯልና፣ ለውጡ የወንበር ብቻ ነበር ብዬ አልናገርም። ነገር ግን ያንን ፊልም ያቀናበረው መንግሥት አሥረኛ ዓመቱን በመስከረም 1977 ዓ.ም. በደማቅ በዓል ሲያከብር፣ ወሎ ዳግመኛ በረሃብ ተይዛ ነበር። ዊልፎርድ ሞተሩን ለከርቲስ ሲያስረክበው ባየሁ ቁጥር ወደ ልቤ የሚመጣው ከስልሳ ስድስቱ ይልቅ ይህ የሰባ ሰባቱ ነው። አባትዎን በትሕትና የማርማቸው በዚህ ብቻ ነው።

የውጭ ፊልምን በራስ ታሪክ መፍታት እንግዲህ ነውር የለውም፤ ግዴታው ከሰሙ ጋር መስማማት ነው። ለምሳሌ ዊልፎርድን «ንጉሡ ናቸው» ብሎ የሚደመድም ሰው፣ ከጊሊያም ጋር የተደረገውን ምስጢራዊ ምክክር ማን ያደርገዋል? በፊልሙ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ነገር ቦታ ካጣ፣ ፍቺው ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። በዚሁ ፊልም መጨረሻ ላይ የሚታየው ነጭ ድብ ተስፋ ነው ወይስ ሞት?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ መቸኮል የለብዎትም። ድብ አዳኝ እንስሳ ስለሆነ ድብ ካለ የሚታደን ነገር አለ፤ ውጭው ሙት ነው የሚለው የባቡሩ ትምህርት በዚያች ቅጽበት ሐሰት ይሆናል። ከአደጋው ሲወጡ የምናያቸው ዮናና ሕፃኑ ቲሚ ብቻ ስለሆኑ፣ ያው ድብ ሊበላቸውም ይችላል። እኔ ግን ከድቡ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው በልጅቷ ልብስ ላይ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በባቡር ተወልዳ በባቡር ያደገች ናት፤ በረዶውን ስትረግጥ የለበሰችው አባቷ ናምጉንግ ከፊተኞቹ ፉርጎዎች የሰበሰበውን የጸጉር ካፖርት ነው። ከዚያ ሁሉ የአንደኛ ማዕረግ ሀብት ውጭ ወጥቶ ያገለገለው እርሱ ብቻ ነው።