ስሪላንካ በጀርባ ቦርሳ፣ ለብቻ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስሪላንካን ብቻችሁን በባቡርና በአውቶቡስ ለመዞር የምታስቡ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ስለ ቪዛ ለጠየቃችሁኝ ግን መልሴ አጭር ነው። ደንቡና ክፍያው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የሀገሪቱን የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እዩ። እኔንም ሌላ ተጓዥንም አትመኑ።

መቼ ልሂድ? አንዱ "በሐምሌ እንዳትሞክረው" ይለኛል፣ ሌላው "በሐምሌ ነው የሚያምረው" ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሄዱበት ጎን ነው የተለያየው። ደሴቷ ትንሽ ብትሆንም ዝናቡ ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣባት። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ኮሎምቦን፣ ጎልንና የተራራውን ምዕራባዊ ክፍል ያበሰብሳል። ተራራው ደመናውን ስለሚያግደው ምሥራቁ ያኔ ደረቅ ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ደግሞ ይገለበጣል፤ ምሥራቁ ይዘንብበታል፣ ደቡቡና ምዕራቡ ፀሐይ ይሞቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የዕረፍት ፈቃድህ መቼ እንደሆነ እይ፣ ከዚያ ጎኑን ምረጥ። በጥር ከሆነ በደቡብ ያሉት ሚሪሳና ወሊጋማ፣ በሐምሌ ከሆነ በምሥራቅ ያሉት ትሪንኮማሊና አሩጋም ቤይ። በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ ግን የትም ብትሄድ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አያጣህም። ደሴቷን ሙሉ በአንድ ጉዞ ልዙር የሚል ሰው ግማሹን በዝናብ፣ ግማሹን አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ሳትደብቂ ንገሪኝ።

ትችያለሽ። ብዙዎች ይሄዳሉ፣ እኔም ከነሱ አንዷ ነኝ። የሚያስቸግረው ከወንጀል ይልቅ ጥያቄው ነው፦ ባል አለሽ? ብቻሽን ነሽ? የት ነው ያረፍሽው? ለመጀመሪያዎቹ የፈለግሽውን መልሺ። የመጨረሻውን ግን ለማንም እንዳትመልሺ።

በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ግፊያውን ሰበብ አድርጎ የሚነካካ አይጠፋም። ከሴቶች አጠገብ ተቀመጪ፤ ከነካሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ሲመሽ ሰው በሌለበት የባሕር ዳርቻ አትንሸራሸሪ። ለማደሪያ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን የእንግዳ ማረፊያ ከየትኛውም ሆቴል አስበልጣለሁ። የቤቱ እናት ቁርስ ታበላሻለች፣ ካመሸሽም የት ገባች ብላ ትጨነቃለች። ልብስን በተመለከተ፣ ከባሕር ዳርቻ ውጪ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ያዢ።

ከካንዲ ወደ ኤላ የሚሄደው ባቡር ቲኬት አልቋል አሉኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

ኧረ አትቁረጥ። የሚያልቀው የመቀመጫ ቁጥር ያለው ቲኬት ነው። ቁጥር የሌለው የ2ኛና የ3ኛ ማዕረግ ቲኬት በዕለቱ ጣቢያው ላይ ይሸጣል። ርካሽ ነው፣ መቀመጫ ማግኘት ግን ዕድል ነው።

ጉዞው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይወስዳል። ያን ያህል መቆም ከከበደህ መሃል ላይ ያለችው ኑዋራ ኤሊያ ከተማ ሁለት ቀን እደርና ለእሷ ቅርብ ከሆነው ከናኑ ኦያ ጣቢያ ተሳፈር። እዚያ የሚወርድ ሰው ስለሚኖር ወንበር ይለቀቃል። ሹራብ ያዝ፤ ባቡሩ ፓቲፖላ ጣቢያ ላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ሞቃት አገር ነው ብሎ በቲሸርት የሚንቀጠቀጥ ፈረንጅ ሁሌም አለ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። በሩ ላይ ተንጠልጥላችሁ ፎቶ አትነሱ። ዋሻውና የድንጋዩ ግድግዳ ከባቡሩ ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ወድቀው የሞቱ ቱሪስቶች አሉ። ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የመሬት መንሸራተት መስመሩን ሊዘጋው ስለሚችል ባቡሩ መሥራቱንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

የወባ መድኃኒት ልውሰድ?

አያስፈልግህም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስሪላንካ ከወባ ነፃ መሆኗን አረጋግጧል። የሚያሰጋው ደንጊ የሚባለው፣ በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ነው። እሱን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። አጎበር ብቻውን አያድንም። ቆዳ ላይ የሚቀባ መከላከያ ከጠዋት ጀምረህ ተቀባ።

ትኩሳት ከያዘህ ፓራሲታሞል ውሰድ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ግን አትንካ፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋውን ያባብሳሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። "ተሻለኝ" ሲል የባሰው ይመጣል። ያኔ ሆድህን አጥብቆ ካመመህ፣ ደጋግሞ ካስመለሰህ ወይም ከድድህ ከደማህ በቀጥታ ሆስፒታል ሂድ።

ሌላው ደግሞ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚገባ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ከፓስፖርትህ ጋር አብረህ ያዘው።

ጫካ ውስጥ አልቅት አለ የሚሉት እውነት ነው?

በደንብ ነው ያለው፤ ሲንሃራጃ ጫካ በዝናብ ወቅት ከገባህ አታመልጠውም። ሱሪህን ካልሲ ውስጥ ክተት። ከያዘህ በጥፍርህ ከሥሩ ፋቅ ፋቅ አድርገህ አላቀው። በእሳት አትተኩሰው። ትንሽ ይደማል፣ ያሳክካል፣ በቃ።

ክንዴ ላይ የቡድሃ ንቅሳት አለ። ችግር አለው?

አለው። ከአውሮፕላን ሳትወርድ ሸፍነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያለ ንቅሳት ያላት እንግሊዛዊት ታስራ ከአገር ተባርራለች። በኋላ ፍርድ ቤት ካሳ ፈረደላት፤ ጉዞዋ ግን ተበላሽቶ ቀረ። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሣትም ነውር ነው። ቤተ መቅደስ ስትገባ ጫማና ባርኔጣ ይወልቃል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት በዓል፣ ፖያ በሚሉት ቀን፣ አልኮል አይሸጥም።

ስኩተር ብከራይስ?

እኔ አልመክርም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ እዚያው አገር የሚሰጥ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ያለሱ ከተጋጨህ ኢንሹራንስህ አልከፍልም ሊልህ ይችላል። አውቶቡሶቹ ደግሞ ሲቀድሙ ከፊት ማን ይምጣ ማን ግድ የላቸውም። በሃባራና አካባቢ ሲመሽ የዱር ዝሆን መንገድ ላይ ይወጣል። ባጃጅ ያዝ። ፒክሚ የሚባለው መተግበሪያ ዋጋውን ያሳይሃል፤ በማይሠራበት ቦታ ሳትገባ ተዋዋል።

ቦርሳዬ ስንት ሊትር ይሁን?

40 ይበቃል። የቦርሳውን የዝናብ ሽፋን አትመኑት፤ ልብሱን ውስጥ በላስቲክ ጠቅልሉት።

መዋኘት እችላለሁ። ባሕሩ ያሰጋል?

ጎበዝ ዋናተኞችም ናቸው የሚሰምጡት። በአንዳንድ ዳርቻ የተመለሰው ውኃ በጠባብ መስመር ወደ ጥልቁ ይጎትታል። ላዩ ላይ ሞገድ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ቦታ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ሰውም ጸጥታውን አይቶ እዚያው ይገባል። ከያዘህ ወደ ዳርቻው አትታገል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተህ ከመስመሩ ውጣ፣ ከዚያ ተመለስ።

በጥር አሥር ቀን አለኝ። መስመር ስጪኝ።

ከአየር ማረፊያው ወደ ኮሎምቦ አትሩጥ፤ ኔጎምቦ ቅርብ ነው፣ አንድ ሌሊት እዚያ እደር። ከዚያ ሲጊሪያ ሁለት፣ ካንዲ ሁለት፣ በባቡር ኤላ ሁለት። ቀሪውን ለሚሪሳ ተወው። ሲጊሪያ ላይ ያለውን ትልቁን የአለት ምሽግ በር እንደተከፈተ ውጣ፤ ረፈድ ሲል ድንጋዩ ይጋላል፣ ደረጃውም በሰው ይጨናነቃል። ኮሎምቦን ከፈለግህ በመጨረሻው ቀን፣ በረራህ ማታ ከሆነ ብቻ።