ሚድሳይዝ ወይስ ፉልሳይዝ? ፒክአፕ ለመግዛት ላሰባችሁ ወገኖቼ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ታኮማ ይሻለኛል ወይስ ኤፍ-150 የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል፣ ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማወራ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የሚጠቅመው ይጠቀምበት ብዬ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ትንሹ ርካሽ ነው፣ ትልቁ ጠንካራ ነው የሚለውን ነገር ከጭንቅላታችሁ አውጡልኝ። ሁለቱም ሁሌ እውነት አይደለም፣ ብዙ ሰው ደሞ በዚ ሀሳብ ብቻ ገዝቶ ነው አመት ሳይሞላው ልሽጠው እያለ የሚዞረው።

ለማያውቅ ባጭሩ፣ ሚድሳይዝ (መካከለኛ መጠን) የሚባሉት ቶዮታ ታኮማ፣ ፎርድ ሬንጀር፣ ሼቭሮሌት ኮሎራዶ፣ ኒሳን ፍሮንቲየር፣ ሆንዳ ሪጅላይን፣ ጂፕ ግላዲያተርና መሰሎቻቸው ናቸው። ፉልሳይዝ (ትልቁ) ደሞ ፎርድ ኤፍ-150፣ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500፣ ራም 1500፣ ቶዮታ ተንድራ። አገር ቤት የምናውቀው ሃይሉክስ እዚ አዲስ አይሸጥም፣ በ1995 ታኮማ ሲመጣ እሱ ቀረ፣ ከሰሜን አሜሪካ ውጪ ተሰርቶ በሚገባ ፒክአፕ ላይ ደሞ ከ1964 ጀምሮ የ25 ፐርሰንት ቀረጥ አለ። ስለዚ ሃይሉክስ ለለመደ ሰው እዚ በመጠን የሚቀርበው ታኮማ ነው።

ከዋጋው ልጀምር። አዲስ ከሆነ የሚድሳይዝ መነሻ ዋጋ ዝቅ ይላል፣ እሱ ልክ ነው። ያገለገለ ስትፈልጉ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ታኮማ ዋጋው ቶሎ አይወርድም፣ ሁለት ሶስት አመት የተነዳው እንኳን አዲሱን ሊጠጋ ይችላል። ፉልሳይዝ ግን ብዙ ስለሚመረት ቅናሽም ይበዛበታል፣ በተመሳሳይ ብር ማይሉ ዝቅ ያለና ንጹህ የሆነ ልታገኙ ትችላላችሁ። በሌላ በኩል ታኮማውን ስትሸጡት ያወጣችሁትን ብዙውን ይመልሳል፣ ስለዚ ሶስት አራት አመት ነድቶ የሚቀይር ሰውና እስኪያልቅ የሚነዳ ሰው ሂሳባቸው አንድ አይደለም። እኔ እስኪያልቅ የምትነዱ ከሆነ ለስሙ ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ ነው የምለው።

ነዳጅ ላይ ሰው በጣም ያጋንናል። በአመት 12,000 ማይል የሚነዳ ሰው በጋሎን 21 ማይል ከሚሄድና 19 ከሚሄድ መኪና መሃል ያለው ልዩነት በአመት ወደ 60 ጋሎን ብቻ ነው፣ የኤፍ-150 ሃይብሪድ ደሞ በቤንዚን ብቻ ከሚሄዱ አንዳንድ ሚድሳይዞች የተሻለ ነው። ጎማና ፍሬን ላይ ግን ትልቁ ይወደዳል፣ ኢንሹራንስም ስለሚለያይ የምትገዙትን መኪና ቪን ቁጥር (የመኪናው መለያ ቁጥር) ይዛችሁ ሳትፈርሙ ዋጋ ጠይቁ።

ዲለር ጋ ስትቀመጡ በወር ስንት መክፈል ትችላለህ ካሏችሁ ቁጥር እንዳትጠሩ፣ በቃ አትጥሩ። የጠራችሁትን ይዘው እስከ 84 ወር ይዘረጉትና ትልቁን መኪና በትንሹ መኪና ክፍያ ያገኛችሁ ያስመስሉታል፣ ወለዱ ግን ሰባት አመት ሙሉ ይቆጥራል፣ የመኪናው ዋጋ ደሞ ከቀሪው እዳ በታች ሊወርድ ይችላል። ታክሱ፣ ታርጋው፣ ምናምኑ ሁሉ የተደመረበትን የመጨረሻ ዋጋ በጽሁፍ ስጡኝ በሉ፣ ስለወሩ የምታወሩት ከዛ በኋላ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ጭነት። ማስታወቂያው 13,000 ፓውንድ ይስባል ሲል ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሮጣል፣ ያ ቁጥር ግን የአንድ የተወሰነ ሞተርና የተወሰነ አሰራር ቁጥር ነው እንጂ እናንተ ፊት የቆመችው መኪና ቁጥር ላይሆን ይችላል። የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሶሶው ላይ የተለጠፈችውን ነጭና ቢጫ ወረቀት አንብቡ፣ ሰውና እቃ ተደምሮ ከዚህ ፓውንድ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር አለባት። የመኪናው እውነተኛ አቅም እሱ ነው። አንድ ምሳሌ ልስራላችሁ፣ ወረቀቱ 1,400 ቢል፣ አባት 190 እናት 150 ሶስት ልጆች አንድ ላይ 250 ቢሆኑ 590 ሄደ፣ የቀረው 810 ነው። ከኋላ 6,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ከታሰረ ደሞ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱ መንጠቆው ላይ ስለሚያርፍ በ12 ፐርሰንት ብናስበው 720 ነው፣ እሱም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። ቀረ 90 ፓውንድ፣ መንጠቆው ራሱና አንድ ሁለት ሻንጣ ይጨርሱታል። መኪናው እስባለሁ ያለውን ገና ሳይስብ አቅሙ አልቋል ማለት ነው። ከዛ በላይ ስትጭኑ ኋላው ይወርዳል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀሉና መሪው ይንሳፈፋል፣ ፍሬኑ ይዘገያል፣ ቁልቁለት ላይ ከልጆች ጋር ይሄ ቀልድ አይደለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደሞ ይሄን ነው፣ ፓኖራሚክ ጣሪያና ትልልቅ ቸርኬ ምናምን የተደረደረበት ቅንጡ ፉልሳይዝ ያ ሁሉ እቃ ራሱ ክብደት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከተራ ሚድሳይዝ ሊያንስ ይችላል። ስለዚ ስምና መጠን አይታችሁ አትፍረዱ፣ በር ከፍታችሁ አንብቡ። ለግምት ያህል ታኮማ እስከ 6,500 ፓውንድ አካባቢ ይስባል፣ ሪጅላይን 5,000፣ ኮሎራዶ በትክክል ከተዘጋጀ ወደ 7,700። ጄት ስኪ፣ ትንሽ ጀልባ፣ የሳር ማጨጃ የያዘ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ሚድሳይዝ ይበቃዋል። በየሳምንቱ መኪና ጭኖ ወይ ኤክስካቫተር አስሮ ለሚሄድ ግን አይሆንም፣ እሱ ፉልሳይዝ ይግዛ፣ አንዳንዴም ከ1500ው ሞዴል በላይ ያለውን ከባዱን።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የኋላ ወንበር ነው። እኛ ሰዎች ብቻችንን አንሄድም፣ ልጅ አለ፣ እናት አባት ለጥየቃ ይመጣሉ፣ ቸርች ወይ መስጊድ ሲኬድ ጎረቤትም ይጫናል። አዲሱ ታኮማ ደብል ጋቢና ከኋላ የእግር ቦታው ወደ 34 ኢንች ነው፣ ኤፍ-150 ሱፐርክሩ ወደ 44፣ ይሄ አስር ኢንች ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ወደኋላ የሚዞረውን የህጻን ወንበር ስታስሩ የፊት ተሳፋሪው ጉልበት ዳሽቦርድ ይነካል አይነካም የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሶስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን ካስፈለጋችሁ ሚድሳይዝን እርሱት። አንዳንድ ፉልሳይዝ ደሞ ፊትም ሶስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ስላለው ስድስት ሰው ይይዛል። ለትልልቆቻችን ግን ከፍታው ያስቸግራል፣ እማማን እየደገፋችሁ ማውጣት እንዳይሆን የጎን መረገጫ ያለው ይሁን።

ማታ የት ነው የሚያድረው? ኤፍ-150 ባለ አራት በር ባለ አጭር ካሶኒው ርዝመቱ 19 ጫማ ያልፋል፣ ታኮማው በተመሳሳይ አሰራር 18 አይሞላም፣ ብዙ ቦታ የፓርኪንግ መስመር ደሞ 18 ጫማ አካባቢ ነው። የኤፍ-150ው ወርድ ከነመስታወቱ 8 ጫማ ገደማ ነው፣ መስመሩ 9 ከሆነ ሁለቱንም በር እንዴት ትከፍታላችሁ? አፓርትመንት ስር ወይ ዳውንታውን ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ ለሚያቆም ሰው እኔ ያለምንም ማመንታት ሚድሳይዝ ነው የምለው። የራሳችሁ ጋራዥ ካላችሁ በሜትር ለኩት፣ በሩ ሲዘጋ ከፊት ለፊት በእግር ማለፊያ መቅረት አለበት። ኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማህበር) ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ህጉን አንብቡ፣ ፒክአፕ ወይ የድርጅት ጽሁፍ ያለበት መኪና ውጪ እንዳይቆም የሚከለክሉ አሉ።

እንጨትና ጂፕሰም ቦርድ ለምትጭኑ፣ አንድ ኮምፔንሳቶ 4 በ8 ጫማ ነው፣ ፉልሳይዝ ውስጥ በጎማ ሳጥኖቹ (ጎማዎቹን ከላይ የሚሸፍኑት እብጠቶች) መሃል ተዘርግቶ ይተኛል፣ ታኮማ ላይ ግን መሃሉ ወደ 44 ኢንች ስለሆነ አይገባም፣ ከላይ ነው የምታስተኙት። ከሚድሳይዝ ሪጅላይን ግን መሃሉ 50 ኢንች ነው፣ አነዳዱም እንደ ቤት መኪና ስለሆነ ለቤተሰብና ለቀላል ስራ ሰው ከሚንቀው በላይ ጥሩ መኪና ነው።

በራሳችሁ ቢዝነስ የምትሰሩ ሰዎች ሴክሽን 179 የሚባለውን የታክስ ቅናሽ ህግ ከታክስ ሰራተኛችሁ ጋር ሳትገዙ ተነጋገሩ። ከነሙሉ ጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሆነና ከግማሽ በላይ ለስራ የሚውል መኪና በመጀመሪያው አመት ብዙ ሊያስቀንስ ይችላል፣ ካሶኒው ከ6 ጫማ ካጠረ ግን የሚቀነሰው ላይ ጣሪያ አለበት። ፉልሳይዝ ባብዛኛው 6,000ን ያልፋል፣ ሚድሳይዝ እንደ ሞዴሉ ነው፣ እሱም በሩ ላይ ተጽፏል። ለንግድ ጭናችሁ ስቴት የምታቋርጡ ከሆነ ደሞ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ሲደርስ ዩ ኤስ ዶት ቁጥር (የፌደራል ትራንስፖርት መስሪያ ቤት መመዝገቢያ) ያስፈልጋል፣ የግል ኢንሹራንስም ባብዛኛው ለስራ ጭነት አይከፍልም።

ያገለገለ የምትገዙ፣ በረዶና ጨው ካለበት ስቴት የመጣ ከሆነ ስሩ ግቡና ሻንሲውን እዩ፣ ከ2005 እስከ 2010 የተሰራ ታኮማ በሻንሲ ዝገት ምክንያት ቶዮታ የዛገውን ሊቀይር በፍርድ ቤት ስምምነት ገብቶበት የነበረ ስለሆነ ሻንሲው ተቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝም እዩ። ቪን ቁጥሩን ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ (የመኪና ደህንነት የሚቆጣጠረው የመንግስት መስሪያ ቤት) ድረገጽ ላይ አስገቡት፣ በነጻ ነው፣ ያልተሰራ ሪኮል (ፋብሪካው ላስተካክል ብሎ መኪናውን የጠራበት ጉድለት) ካለ ያሳያችኋል። በ2024 ወደ 102,000 የሚጠጉ የ2022ና የ2023 ተንድራና ሌክሰስ ሞተራቸው ውስጥ በቀረ የብረት ፍቅፋቂ ምክንያት ተጠርተዋል፣ የነዚህን አመታት ተንድራ ካያችሁ ይሄን ሳታጣሩ ቀብድ እንዳትሰጡ።