የድሮ ጌም በባለ ቱቦ ሞኒተር፦ የናንተ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ? ስለ ፕሮፌሽናል ሞኒተር የምትልኩት ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ የተወሰኑትን አንድ ላይ ልመልስ። ለአዲሶች፣ ፒቪኤምና ቢቪኤም (ቢቪኤም ከፍ ያለው ደረጃ ነው) ሶኒ ለቲቪ ጣቢያና ለኤዲቲንግ ክፍል ይሰራቸው የነበሩ ባለ ቱቦ ሞኒተሮች ናቸው፣ ጣቢያዎቹ ወደ ፍላት ሲቀይሩ አወጧቸው፣ የድሮ ጌም ወዳጆች ደግሞ ለቃቅመው ወሰዷቸው።

ጥያቄ፦ ሱፐር ኒንቴንዶዬን 55 ኢንች ቲቪ ላይ ስሰካው ምስሉ የተዳፈነ ነገር ነው፣ በተን ስጫንም ይዘገያል። ችግሩ ከኮንሶሉ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ኮንሶሉ ምንም አልሆነም ወንድሜ፣ ቲቪው ነው። የዛን ጊዜ ኮንሶሎች በአብዛኛው የሚያወጡት 240ፒ የሚባል፣ 240ው መስመር በአንዴ የሚሳልበት ምስል ነው፣ ብዙ ፍላት ቲቪ ግን 480አይ (መስመሮቹ በሁለት ዙር ተከፍለው የሚመጡበት) መስሎት የሌለ መስመር ሊያዋህድ ይሞክራል፣ ከዛ ደግሞ ለትልቁ ፓነል ይለጥጠዋል፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ ስለሚወስድ ነው ማሪዮ ዘግየት ብሎ የሚዘለው። ባለ ቱቦው ግን ሲግናሉን እንደመጣ መስመር በመስመር ይስለዋል። ፊትህን ወደ መስታወቱ ጠጋ አድርገህ ብታይ በብርሃን መስመሮቹ መሃል ጥቁር ክር አለ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ስትል ክሩ ይጠፋና የማሪዮ ፊት ክብ ይሆናል። ይሄን አንዴ ካየህ በኋላ ፍላት ላይ መመለስ ከባድ ነው፣ ከልቤ ነው የምልህ።

ጥያቄ፦ ቢቪኤም ካልሆነ አትግዛ እያሉኝ ነው፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። (ከለንደን)

አትስማቸው። የጥራቱ መለኪያ ቲቪ ላይን ይባላል፣ ስክሪኑ ወደ ጎን ስንት መስመር ለይቶ ማሳየት እንደሚችል ማለት ነው፣ ፒቪኤም 20ኤም2 600 ነው፣ 20ኤም4 800፣ ቢቪኤሞቹ 900 አካባቢ። ሱፐር ኒንቴንዶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን የሚስለው 256 ነጥብ ብቻ ስለሆነ 600ው ይበቃዋል፣ እንደውም እኔ ለስላሳውን ነው የምመርጠው። ደግሞ ሁሉም ጌም ጥርት ሲል አያምርም፤ ሶኒክ የሚባለው የሴጋ ጌም ላይ ያለው ፏፏቴ ቀጫጭን የቆሙ መስመሮች ነው፣ በቢጫዋ የኮምፖዚት ገመድ ሲመጣ መስመሮቹ ይዋሃዱና ውሃው አሳልፎ የሚያሳይ ይመስላል፣ በአርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ በሚመጡበት ገመድ) ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለህ። ስለዚህ አርጂቢ ብትገጥምም ቢጫዋን ገመድ አትጣላት።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ኒንቴንዶ 64 እና 14 ኢንች ፒቪኤም ይዞልኝ ሊመጣ ነው፣ እዚህ ይሰራል? (ከአዲስ አበባ)

ይሰራል፣ ግን ሳትቸኩል። ሞኒተሩ ጀርባ ላይ ያለችውን ጽሑፍ አንብብ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ቀጥታ ትሰካዋለህ። የኮንሶሉ አዳፕተር ግን ለ120 ቮልት ነው የተሰራው፣ እኛ 220 ላይ ብትሰካው ይቃጠላል፣ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የአሜሪካ ኮንሶል 60 ኸርዝ ስለሆነ አይጨነቅህ፣ እነዚህ ሞኒተሮች ፓል የሚባለውን የአውሮፓ የቲቪ ሲግናልም ኤንቲኤስሲ የሚባለውን የአሜሪካውንም ይቀበላሉ። የሞኒተሩ የቪዲዮ መሰኪያ ቢኤንሲ የሚባለው ገፋ ተደርጎ የሚጠመዘዘው ነው፣ ወደ አርሲኤ (እንደ ቢጫዋ ገመድ ያለው ተራ መሰኪያ) የሚቀይረውን ጫፍ ሲሲቲቪ ካሜራ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቅ። ኒንቴንዶ 64 ውስጡ ካልተነካካ አርጂቢ አያወጣም፣ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ የሚያመጣውን ኤስ ቪዲዮ ገመድ ፈልግ፣ ከኮምፖዚት ጋር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ? (ከዱባይ)

ኮንሶልህን ይዘህ ሂድና እዛው ሰክተህ እየው፣ ሲበራ ብቻ አይተህ ብር አትስጥ። እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት ሻጩ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶኝ ነው፣ ቤት ወስጄ ነጭ ምስል ሳመጣበት ከታች በኩል የሰዓት ቁጥሮች ጥላ ተቃጥሎ ቀርቷል፣ ለዓመታት አንድ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የቪዲዮ ሰዓት ሲያሳይ የኖረ ነበር፣ እሱን ደግሞ ምንም አያስለቅቀውም። ስለዚህ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሙሉ ስክሪን አስመጣ። ጥግ ላይ የቀለም እድፍ ካየህ ዲጋውስ የሚለውን (ቱቦው ላይ የቀረ ማግኔት የሚያጠፋውን በተን) ተጫን፣ ድም ብሎ ምስሉ ተንቀጥቅጦ እድፉ ከለቀቀ ማግኔት ነው፣ ችግር የለውም። ትሪኒትሮን በሚባለው የሶኒ ቱቦ ላይ አግድም የተዘረጋች ፀጉር የምታክል መስመር ብታይ ደግሞ አትደንግጥ፣ ውስጥ ያለው ሽቦ ጥላ ነው፣ ሁሉም አላቸው። 20 ኢንቹ 30 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ሰው ይዘህ ሂድ፣ በፖስታ ግን በፍጹም አታስልክ።

ጥያቄ፦ ምስሉ ጠመም ብሏል፣ ከፍቼ ላስተካክለው?

አይሆንም! ቱቦው ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው የሚሰራው፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ይቆያል፣ ሰው ይገድላል። አንዳንዶቹ ከፊት ባለው ሜኑ ይስተካከላሉ፣ ካልሆነ የድሮ ቲቪ የሚሰራ ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ጥያቄ፦ የድሮው ኒንቴንዶ የዳክዬ ማደኛ ጌም ሽጉጥ ባለ ቱቦው ላይ ትሰራለች? ልጄ እንድትሞክረው ፈልጌ ነው። (ከኔታንያ)

ትሰራለች እህቴ! ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ያለችበት ላይ ነጭ ሳጥን ይበራል፣ ሽጉጧ ያንን ብርሃን ነው የምታየው፣ ፍላት ቲቪ ስለሚዘገይ ያመልጣታል፣ ባለ ቱቦው ግን በሰዓቱ ያደርስላታል። ብርሃኑን ከፍ አድርጊው፣ ልጅቷን ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርገሽ አቁሚያት።