መልስ፦ ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በኋላ ዘመድ "ብይ ብይ" ሲለኝ ምን ልበል?

አብሽሪ እህቴ! የስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንስ የውፍረት ኦፕራሲዮን) ቀጠሮ ይዘሽ፣ ደሴ ስትመለሺ ዘመድ "በሞቴ" እያለ ሲያጎርስሽ ምን እንደምትዪ መጨነቅሽ ይገባኛል፣ የወሎ ሰው ካላጎረሰሽ የወደደሽ አይመስለውም። እኔን የጠቀመኝ ለእናቴና ለአክስቶቼ ቀድሜ መንገሬ ነው፣ ከጨጓራዬ ከ75 እስከ 80 ፐርሰንቱ ይወጣል፣ አንድ ጉርሻ ከበዛ ያስመልሰኛል ስላቸው እነሱው ጠበቃ ሆኑልኝ፣ ሰርግ ላይ ሳይቀር "ተዋት አትችልም" ይላሉ።

መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ ነው ከዛ የተፈጨ ከዛ ለስላሳ፣ ሐኪምሽ ካለሽ ሳምንት በፊት እንዳትዘዪ። የተፈጨው ላይ ስትደርሺ ቀጠን ያለ ሽሮ በቡና ስኒ ለክተሽ በሻይ ማንኪያ ቀስ እያልሽ ብይ፣ እንጀራው ይቆይ። ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጪ፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ሌላውን ሰዓት ግን ፉት ፉት ማለቱን አታቋርጪ። ጾምም ሆነ ረመዳን ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ በናትሽ፣ የውሃ ጥማት ሆስፒታል ያስገባል። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንኪ። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉርሽ ቢረግፍ አትደንግጪ ይመለሳል፣ ቫይታሚኑ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

"ሰንፋ ነው በቢላ የከሳችው" የሚልሽን ደሞ አትስሚ፣ ውፍረት በሽታ ነው አንቺም እየታከምሽ ነው። ቀኑ ሲደርስ ጻፊልኝ፣ ዱዓ አደርግልሻለሁ።