ቡሿ እስክትሰምጥ ቀና በሉ

ልጆቼ፣

ቅዳሜ በጠዋት መንጠቆና የትል ጣሳ ይዛችሁ የሐረማያን ሚኒባስ ስትሳፈሩ አያችኋለሁ። ደስ ይለኛል። እኔም በእናንተ ዕድሜ ከዚያ ሐይቅ ዳር አልጠፋም ነበር። በኋላ እዚሁ ሐረር 30 ዓመት ባዮሎጂ አስተማርኩ። ስለ ወፍ የማውቀውን አብዛኛውን ግን ያገኘሁት ዓሣ ነክሶ ክሩ ላይ ያሰርኳት ቡሽ እስክትሰምጥ ስጠብቅ ነው።

ወፍ የሚሸሸው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ትንሽ ከቆያችሁ እንደ ድንጋይ ይቆጥሯችኋል። ይቺን ሰዓት ስልክ ላይ አቀርቅራችሁ አታሳልፏት።

ከሁሉም መጋቢት ይበልጣል። በመስከረምና በጥቅምት ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርድ ሸሽተው የመጡት ወደ አገራቸው የሚነሱት ያኔ ነው። የምንቃሩ ጫፍ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ ካያችሁ እንግዳ ነው። ምንቃሩን ውሃው ላይ እያንሸራተተ ምግቡን ያጣራል። ወንዱ ጭንቅላቱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም ነው። ሴቷ ቡናማ ስለሆነች ምንቃሯን ካላያችሁ ትሸውዳችኋለች። ከብቶቹ እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠውን ትንሽ ወፍም ልብ በሉ። ስትመጣ ደብዛዛ ናት። በመጋቢት ደረቷ እንደ እንቁላል አስኳል ከበጨ፣ ለመንገድ ተሰናድታለች ማለት ነው።

መላ አካሏ ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ የሆነችው ግን የአገር ልጅ ናት። ዳክዬ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። የዳክዬ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ናቸው። የእሷ ግን እያንዳንዱ ጣት ለብቻው፣ ግራና ቀኙ ቅጠል በመሰለ ቆዳ የተከፈፈ ነው።

ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ አይቻለሁ። ውሃው ለጫትና ለአትክልት መስኖ፣ ለከተሞቹም መጠጥ ተሳበ። ከተራራው የታጠበው አፈርም ሞላው። ዓሣ ያጠመድንበትን ቦታ በጫማ ተሻገርነው። ከዚያ በፊት በመጋቢት ስንት ዳክዬ ያርፍ እንደነበር ብትጠይቁኝ «ብዙ» ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ተቀምጬ አንድ መስመር አልጻፍኩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ውሃው ተመልሷል። እባካችሁ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ሲያደርጉ እንዳያችኋቸው ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁት ምንቃሩንና እግሩን ሳሉት። «ዛሬ አንድም የለም» ብሎ መጻፍም ቁም ነገር ነው።

የዚያችን ግንባረ ነጭ ጣቶች እንዴት በቅርብ እንዳየሁም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ የተወሳሰበብኝን ናይለን ቆርጬ ዳር ላይ ጥዬው ሄድኩ። በሳምንቱ ስመለስ ክሩ ሁለቱን እግሮቿን አስሮ ቄጤማው ውስጥ ይዟታል። ቀለሙን አውቄዋለሁ፣ የእኔው ክር ነበር። ጭንቅላቷን በሸሚዜ ሸፍኜ በምላጭ ቆረጥኩላት። ልቧ መዳፌ ላይ ይደልቅ ነበር። አንዱ ጣቷ አብጦ ጠቁሯል። ስለቃት ውሃውን በክንፏ እየመታች ሄደች፤ ትዳን አትዳን አላውቅም።

ስትነሱ ክራችሁን እስከ መጨረሻዋ ስንዝር ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሌላ ሰው ጥሎት ያገኛችሁትንም ጨምሩበት።