ከማካፈል በፊት፦ ስለ 2147483647 ለወጣት የሒሳብ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ሒሳብ ሙያዬ ከመሆኑ በፊት፣ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ፣ 2147483647 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል) መሆኑን በእጄ ለማረጋገጥ ተነሥቼ ነበር። ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11 እያልኩ አንድ ደብተር እስኪሞላ አካፈልኩ። ትጋቱን ዛሬም አልንቀውም፤ ነገር ግን ከሞከርኳቸው አካፋዮች አብዛኞቹ ጭራሽ መሞከር እንዳልነበረባቸው የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናንተ ቁጥሩን ከማካፈላችሁ በፊት አፈጣጠሩን እንድትመረምሩ እፈልጋለሁ።

ይህ ቁጥር የሚገኘው ሠላሳ አንድ ሁለቶች ተባዝተው ከውጤቱ አንድ ሲቀነስ ነው። እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን ሜርሰን ስም ይጠራሉ።

ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድማችሁ አነስተኛውን 2047ን ተመልከቱ፤ እርሱም አሥራ አንድ ሁለቶች ተባዝተው አንድ የተቀነሰበት ሲሆን ለ23 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለትን ደጋግማችሁ እያባዛችሁ እያንዳንዱ ውጤት ለ23 ሲካፈል የሚተርፈውን ጻፉ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 9፣ 18፣ 13፣ 3፣ 6፣ 12፣ 1። በአሥራ አንደኛው እርምጃ 1 ላይ ደረስን፤ ከዚህ በኋላ ያው ዙር ይደገማል። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ባገኘው ሕግ መሠረት የዙሩ ርዝመት ከብቸኛው አካፋይ አንድ ተቀንሶ የሚቀረውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ እዚህም 11 ለ22 አካፋይ ነው።

ወደ ትልቁ ቁጥር ስንመለስ ዙሩ 31 ይሆናል፤ 31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነም ዙሩ ከዚያ ሊያጥር አይችልም። አካፋዩ ጎዶሎ በመሆኑ፣ ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ከ62 ብዜት በአንድ የሚበልጥ መሆን ግድ ይለዋል። በዚህ ላይ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ሊተርፈው የሚገባ መሆኑ ሲጨመር፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ይቀራሉ። 46341 በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን ስለሚበልጥ ፍለጋው ከ46340 አያልፍም፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት እጩዎችም ከ400 ያነሱ ናቸው! የሒሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 የዚህን ቁጥር ብቸኛነት ሲያረጋግጥ የዓይኑን ብርሃን ከሞላ ጎደል አጥቶ እንደነበር ሳስብ አሁንም እደነቃለሁ።

ሜርሰን በ1644 ባወጣው የእንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ 67 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ የሚገኘውንም አካትቶ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1876 አንድም አካፋይ ሳያሳይ ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኮል ደግሞ በ1903 193707721 አካፋዩ መሆኑን ገለጠ። ከዚህ አካፋይ ላይ አንድ ቀንሱና ለ134 አካፍሉት፤ ቀሪ አይኖረውም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። 8388607 ሃያ ሦስት ሁለቶች ተባዝተው አንድ የተቀነሰበት ቁጥር ነው። የሒሳብ መሣሪያችሁን ሳትነኩ፣ መጀመሪያ መሞከር ያለበትን አካፋይ ከላይ በተነገረው መንገድ ፈልጉ፤ ከዚያም የሁለትን የቀሪዎች ዙር በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በስንተኛው እርምጃ 1 ላይ እንደሚደርስ ቁጠሩ።