ቼኩ ደረቀ፤ አሁንስ?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ብሎኬት አመርታለሁ። አንድ ኮንትራክተር ሁለት ጊዜ በጥሬ ገንዘብ ገዛኝና ተማመንን። በሦስተኛው ብዙ አዘዘ። ከሁለት ወር በኋላ የሚመነዘር ቼክ ጻፈልኝ፤ ዕቃውንም ጫነ። ቀኑ ደርሶ ባንክ ስሄድ በቂ ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ) የለውም ተባልኩ። ስደውልለት «ቼኩን መልሺልኝና ሌላ ልጻፍልሽ» ይለኛል። ምን ላድርግ? ከእንግዲህስ ቼክ መቀበል ልተው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቼኩን እንዳትመልሺለት። ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው። ሌላ ቢጽፍልሽም ከዚያው ሒሳብ ነው የሚጽፈው። ከዕዳው ላይ ጥቂት ቢከፍልሽ ተቀበዪ፤ የተቀበልሽውንም ጽፈሽ ፈርሚለት። ቼኩ ግን የመጨረሻዋ ብር ሒሳብሽ ውስጥ እስክትገባ አንቺ ጋ ይቆይ።

ባንኩ በቃል ብቻ ከመለሰሽ ነገ ጠዋት ተመልሰሽ ሂጂ። ቼኩ ያልተከፈለበትን ምክንያትና ቀን በጽሑፍ፣ በማኅተም አስደርጊ። እኔ ቃሊቲ የግንባታ ዕቃ መሸጥ ከመጀመሬ በፊት ባንክ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። «ሰኞ አስገባለሁ ብሎኛል» እያሉ ያለ ወረቀት የሚመለሱ ነጋዴዎች ያሳዝኑኝ ነበር። ሰኞው ያልፍና ሌላ ሰኞ ይመጣል። በንግድ ሕጉ ቼክ ለባንክ የሚቀርበው በስድስት ወር ውስጥ ነው። ልመናው ይህን ጊዜ እንዳይበላብሽ።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ለፖሊስ ማመልከት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የጻፈን ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። በቸልተኝነት የጻፈም አያመልጥም። ሁለተኛው የገንዘብ ክስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 እንዲህ ላለ ዕዳ የተፋጠነ መንገድ አለው፤ ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት። ብዙ ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ ይበቃኛል ይላል። አይበቃም። የሰውየው መታሰር ብቻውን ሲሚንቶ አይገዛልሽም፣ የሠራተኛ ደሞዝም አይከፍልልሽም። ስለዚህ ጠበቃ አማክረሽ የገንዘቡንም ክስ አትተዪው። ብሎኬቱን መረከቡን የፈረመበት ወረቀት ካለሽ ከቼኩ ጋር ያዢው።

አሁን ስለ ወደፊቱ። ቼክን ሙሉ በሙሉ ተዪ አልልሽም። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ግን ብድር ነው። ሲሰጡሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ይህን ያህል ብር በእጄ ቢኖር ለዚህ ሰው አበድረው ነበር? መልስሽ አይሆንም ከሆነ ብሎኬቱንም አታስጭኚ። ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ በጥሬው ከፍሎ በሦስተኛው ብዙ ማዘዝ ደግሞ በእኛ ሰፈር የታወቀ ስልት ነው። ያንቺው ሰውዬ ያን አስቦ ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ አንቺ ግን ትዕዛዙ በድንገት ሲያድግ ጥንቃቄሽም አብሮ ይደግ።

የዛሬ ቀን ያለው ቼክ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ሒሳብሽ ውስጥ አስገቢና ገንዘቡ እስኪገባ ጠብቂ፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ይጫን። ቅዳሜ አመሻሽ ባንክ ከተዘጋ በኋላ አይሱዙ አቁሞ «ቶሎ በሉ፣ ሳይት ላይ ሰው ቆሟል» የሚልሽ ካለ፣ ሰኞ ይምጣ በይው። ቀኑ በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር በግልጽ ይጻፍ። በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ብር ይገጣጠም። የሌላ ሰው ቼክ ጀርባው ላይ ፈርሞ ቢያመጣልሽ፣ ባለቼኩን የማታውቂው ከሆነ ይቅርብሽ።

ለትልቅ ትዕዛዝ ሲፒኦ (ባንኩ ራሱ የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) ጠይቂ። እሱንም ቢሆን ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ ሄደሽ ወይም በራስሽ ባንክ በኩል አጣሪ፤ ሐሰተኛ አለ። በሞባይል ላክንልሽ ሲሉሽ የእነሱን ስልክ ሳይሆን የራስሽን ሒሳብ እዪ። አዲስ ደንበኛ ከሆነ ሲሚንቶና ፑሚስ ሳትገዢ ግማሹን ቅድሚያ አስከፍዪ። ይህን ስትዪው የሚቆጣ ገዢ ይኖራል። ይቆጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆንሽና ደረሰኝ ከቆረጥሽለት፣ ቼኩ ደረቀ ተብሎ 15 በመቶው በራሱ አይሰረዝልሽም። ወሩ ሳያልቅ የሒሳብ ሠራተኛሽን አነጋግሪ።